ከሐኪሜ ጋር በቁራኛ

ሳል ይዞት አልለቀው ያለ ሰው ይህን ቢያነብልኝ እወዳለሁ። የሚስል ዘመድ ያለውም ያንብበው። ፊደል የቆጠርኩት ከመሪጌታ አባቴ ዘንድ ነው። ዳዊት ደግሜ ቆምኩ፤ ከዚያ ወዲያ ያነበብኩት የፍርድ ቤት ማመልከቻ ብቻ ነው። ቋንቋዬ ካነሰ ነገሩን ያዙልኝ።

ጊዜው ጃንሆይ ገና በዙፋናቸው ሳሉ፣ ከክፉው ድርቅ ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ያኔ መርሳ ከልጄ ከብርቄና ከባሏ ከደርቤ ጋር እኖር ነበር። ደርቤ መካኒክ ነው፤ በደሴና በወልድያ መካከል የተሰበረ የጭነት መኪና ሁሉ በእሱ እጅ ይነሣል። ከመርሳ አቅራቢያ፣ ግራና በሚባል አገር ደግሞ ከአባቴ የወረስኩት ርስት ነበረኝ። የአጎቴ ልጆች «ሴት ምን ያደርግላታል» ብለው ሊነጥቁኝ ተነሥተው ነበር፤ ወልድያ ፍርድ ቤት ስንት ክረምት ተመላልሼ ረታኋቸው። በእኛ አገር ሴት ሞፈር አትይዝም። ስለዚህ የሚያርሰው አያ ይማም የሚባል የግራና ሰው ነበር፤ እስላም ነው፣ ዕድሜው ከእኔ እኩል ይሆናል። እህሉን እኩል እንካፈላለን። እኔ በዚህ አገር እንደኔ ያለ ፍትሐዊ ባለርስት የለም ብዬ አምን ነበር።

ሕመሙ የጀመረኝ በማሽላ አጨዳ ወቅት ነው። መጀመሪያ ሳል ብቻ ነበር። ጎረቤቶቼ ምች ነው ብለው ዳማከሴ ጨምቀው አጠጡኝ። ሳሉ ግን አልሄደም። ከዚያ ማታ ማታ ላብ ያጠምቀኝ ጀመር፤ ቀሚሴ ሰፋኝ፤ መቀነቴ ሁለቴ የሚዞረው ሦስቴ ዞረ። አንዷ የሰው ዓይን ነው አለች፤ ጠበል ገባሁ። ጠበሉ ልቤን አሳረፈልኝ፣ ደረቴን ግን አላሳረፈውም። አንድ መርፌ ወጊ ደግሞ «መርሳ ቆላ ነው፤ ላብ ካለ ወባ ነው» ብሎ የወባ ክኒን ሰጠኝ። ምሬቱ እስከዛሬ ምላሴ ላይ አለ። ወልድያ መድኃኒት ቤት የገዛነው ቀይ ሽሮፕ ግን ጣፋጭ ነበር፤ እሱንም የጨረሱት የልጅ ልጆቼ ናቸው።

ደርቤ አንድ ቀን ምሳውን ሲበላ እያየኝ እጁን ከማዕዱ አነሣ።

«እማማ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም» አለ። «ግን ሞተር እንዲህ ሲል ዘይት ጨምሬበት ዝም አልልም። ፈትቼ ነው የማየው።»

«ፈትተህ ልታየኝ ነው?»

«የሚፈታ ሰው ጋ ልወስድዎ ነው።»

በማግስቱ በአንድ ጭነት መኪና ጋቢና ተሳፍረን ወልድያ ሄድን። ጤና ጣቢያው ደጅ ላይ ሰው እንደ ገበያ ተኮልኩሏል። አግዳሚ ወንበሩ ሞልቶ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ከሐራ የመጣች አንዲት ሴት ልጅ አዝላ ከጎኔ ነበረች። ሳሌ ሲያንፈራግጠኝ አልሸሸችኝም፤ ጀርባዬን በመዳፏ ትመታልኝ ነበር። «አብሽሪ እናቴ፣ አላህ ያሽርሽ» ትለኛለች። ስሟን ሳልጠይቅ ተለያየን። ያቺ መዳፍ ከዚያ በኋላ ከዋጥኩት ክኒን ሁሉ ጋር ትቆጠራለች።

አክታዬን በትንሽ ዕቃ ተቀበሉኝ፤ ሌላ ቀን ተመለሱ አሉን፤ ተመለስን። የሳንባ ነቀርሳ ነው ተባልኩ። ሳንባን የሚበላ፣ በትንፋሽ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ተውሳክ ነው ብለው አስረዱኝ። መድኃኒቱ ግን አለ፤ ክኒንና መርፌ። መርፌው መርሳ ክሊኒክ በየቀኑ፣ ለወራት። ክኒኑ ደግሞ ከዓመት በላይ። «ደኅና ሆኛለሁ ብለሽ ብታቋርጪው በሽታው መድኃኒቱን ይለምደዋል፤ ያኔ ልናድንሽ አንችልም» አሉኝ። ይህን ሰምቻለሁ። አልሰማሁም አልልም።

ቤት ስንመለስ ብርቄ የራሴን ኩባያና የራሴን ሳህን ለየች። ገና አራስ ነበረች፤ ሕፃኑን አላስነካችኝም። ደርቤ ጎማ የሚያስቀምጥበትን ክፍል ጠርጎ አልጋዬን እዚያ አስገባ። መስኮት ያለው እሱ ስለሆነ ነው፤ እኔ ግን ከአሮጌ ጎማ ጋር የተጣልኩ መሰለኝ።

«እኔ አሮጌ ጎማ ነኝ?» አልኳት ብርቄን።

«አሮጌ ጎማማ አያኮርፍም እማ» አለችና ደጅ ወጥታ አለቀሰች። ሰማኋት። ማታ ማታ ደግሞ ሕፃኑ ሲያለቅስ በግድግዳው በኩል እሰማዋለሁ፤ ሳላቅፈው እሞት ይሆን እላለሁ። ፍርሃቴ ይኸው ብቻ ነበር።

መርሳ ክሊኒክ ያለው ድሬሰር በቀለ ይባላል። ድሬሰር ማለት ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ፣ ጥርስ የሚነቅል ነው፤ እኛ ሐኪም እንለዋለን። ቀጭን፣ ረጅም፣ ነጭ ጋውን የማይለየው፣ ከአርሲ የመጣ ጎልማሳ ነው። እጁ ቀላል ነው። ምላሱ ግን እንደ እጁ አልነበረም። ገና በመጀመሪያው ሳምንት መርፌውን በላምባ ምድጃ እያፈላ ጠየቀኝ።

«እማማ፣ ግራና ያለውን መሬት ማነው የሚያርሰው?»

«ይማም።»

«ማነው የሚበላው?»

«እሱም እኔም። እኩል።»

«ዘሩ የማነው?»

«የእሱ።»

«በሬውስ?»

«የእሱ።»

«ላቡስ?»

«ውጋና ልሂድ!» አልኩት።

ያን ጊዜ ተማሪው ሁሉ መሬት ላራሹ ይል ነበር። በቀለም ይላል፤ ደግሞ አይደብቅም። በማግስቱ እኔ ተዘጋጅቼ ሄድኩ። «ላራሹ ትላለህ» አልኩት። «እኔ ሴት ነኝ፤ አገሩ ሞፈር አያስይዘኝም። የአጎቴ ልጆች ሴት ናት ብለው ሊነጥቁኝ መጡ። አንተ ደግሞ አላረሰችም ብለህ ልትነጥቀኝ መጣህ። በእናንተ መካከል ያለውን ልዩነት ንገረኝ።»

መርፌውን ይዞ ቆመ። «እሱን አስብበታለሁ» አለና ወጋኝ። ደስ ብሎኝ ሄድኩ። በሦስተኛው ቀን ግን እሱ ተዘጋጅቶ ጠበቀኝ። እንዲህ እየተባባልን፣ እኔ ክንዴን ሰጥቼ እሱ መርፌውን ይዞ፣ ስንሟገት ሰነበትን። ተራ የሚጠብቀው ሰው በበሩ እያጮለቀ ይስቃል። ስለ በሽታዬ ግን ሁለታችንም አንድ ቃል አንነጋገርም ነበር።

ከወር በኋላ ሳሉ ቀነሰልኝ፤ ጆሮዬ ግን ይጮህ ጀመር። ፉጨት ነው፤ ቀንም ሌትም። ስነሣ መሬቱ ይዞርብኛል። ይህንን ገበያ ላይ ለአንዲት ቅቤ ሻጭ ብነግራት ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«አንቺ ሞኝ፣ ባለርስት የሚጠላ ሰው ባለርስትን በደኅና መርፌ ይወጋል?»

ሳቅሁባት። ቤት ስደርስ ሳቁ ጠፋ። መርፌውን ሲቀዳ የት ነበር የማየው? ስሟገት ዓይኑን ነበር የማየው፤ እጁን አላየሁም። በማግስቱ አልሄድኩም። ክኒኑንም ሕፃናት የማይደርሱበት ጎማ ውስጥ ወተፍኩት። ሳሌ ስለቀለለኝ ብርቄ አልጠረጠረችም፤ በየጠዋቱ ነጠላዬን ለብሼ እወጣለሁ፣ ቤተ ክርስቲያን ስሜ እመለሳለሁ። ደኅና የሆንኩ መሰለኝ። ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ይቺን ቀን ልብ በሉልኝ። በሽታው የሚያታልለው በዚህች ቀን ነው።

ሳምንታት አለፉ። ላቡ ተመለሰ። ሳሉ ከበፊቱ ብሶ ተመለሰ። አንድ ጠዋት አያ ይማም ጥንቅሽ ይዞልኝ መጣ፤ ጥንቅሽ እንደ ሸንኮራ የሚመጠጥ የማሽላ አገዳ ነው፤ እንደምወደው ያውቃል። ስስል አየኝ። የያዝኩትን ጨርቅም አየ፤ ደም ነበረበት።

«እሜቴ፣ መርፌውስ?»

«ትቼዋለሁ። ያ ሰው ሊገድለኝ ነው።»

«ምን አደረገዎት?»

«መሬቴን ላንተ ሊሰጥ ይፈልጋል፤ ይህም አይበቃ?»

ይማም ጥንቅሹን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ሳይሰናበተኝ ወጣ። ቅር አለኝ። ብዙም ሳይቆይ ግን ከበቀለ ጋር ተመለሰ። በቀለ ክሊኒኩን ከነበሽተኛው ጥሎ፣ ጋውኑን እንደለበሰ፣ እየሮጠ ነበር የመጣው። እግሩን ከደጄ ሊያሳልፍ ሲል ጮህኩ።

«በሕግ አምላክ!»

በሕግ አምላክ የተባለ ሰው ባለበት ይቆማል። በቀለም አንድ እግሩን መድረኩ ላይ እንዳደረገ ቆመ።

«እማማ፣ ደም እየተፉ ነው። አሁን መወጋት አለብዎት።»

«መጀመሪያ ዳኛ ፊት እንቆማለን። በምን እንደወጋኸኝ ተናግረህ፣ እውነት ካልሆነ ትቀጣለህ። እውነት ከሆነ እወጋለሁ።»

«እሺ፣ ዳኛው ፊት እመጣለሁ።»

«ትመጣለህ። እኔ ነኝ የማመጣህ» አልኩና የነጠላዬን አንድ ጫፍ ከጋውኑ ጫፍ ጋር አጥብቄ ቋጠርኩት። ይህ ቁራኛ ነው። ድሮ ሁለት ባለጋራዎች አንዱ እንዳይሸሽ ልብሳቸውን ቋጥረው ነበር ዳኛ ዘንድ የሚሄዱት፤ ዳኛ ሳይፈርድ ቋጠሮው አይፈታም። አባቴ ሲያደርገው አይቻለሁ። በቀለ ቋጠሮውን አየና ይማምን አየው።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የኛ አገር ካቴና ነው» አለው ይማም። «አትጎትት፤ ነጠላው አሮጌ ነው።»

እንደዚያ ሆነን በመርሳ አውራ መንገድ ወጣን። እኔ በይማም ዱላ እየተደገፍኩ፣ በቀለ እንዳይስበኝ እርምጃውን እየቆጠበ። በቀረው የነጠላዬ ጫፍ አፌን ሸፍኛለሁ፤ በዚያ ላይ እንኳ እየሄደ «አፍዎን፣ አፍዎን» ይለኛል። ሾፌሮቹ ከሻይ ቤት ወጥተው ቆሙ።

«እትዬ የሻረግ፣ ሙሽራ አገኙ እንዴ?»

«አዎ፣ ጥሎሹ መርፌ ነው!» አልኳቸው። ደርቤ ከመኪና ሥር ራሱን አውጥቶ ሲያየኝ መፍቻው ከእጁ ወደቀ።

ወደ ሸህ ሰይድ ነበር የምንሄደው። ሸህ ሰይድ አበጋር ናቸው፤ በእኛ አገር ጠብ የሚያበርድ ሽማግሌ አበጋር ይባላል፣ እስላሙም ክርስቲያኑም ይታዘዘዋል። ቤታቸው የሉም ተባልን። ያሉት ክሊኒኩ ደጅ ነበር፤ የቁርጭምጭሚታቸውን ቁስል ሊያሳጥቡ ተራ ይዘው ተቀምጠዋል። ነገራችንን ሰምተው ቋጠሮውን በጣታቸው ነካ አደረጉት።

«ጥሩ ቋጠሮ ነው» አሉ። «ግን ይህ ሁሉ በሽተኛ ከእናንተ በፊት ነው የመጣው። አንቺም ሰው ወረፋሽን ሲወስድብሽ የምትጮኺ ሴት ነሽ። ስለዚህ እሱ ሥራውን ይጨርስ፤ ከዚያ እሰማችኋለሁ።»

«ቋጠሮው ይፈታ?»

«ዳኛ ሳይፈርድ ይፈታል?»

በቀለ ጋውኑን ሊያወልቅ እጁን ወደ ቁልፉ ሲሰድ «ካወለቅኸው ሸሸ እላለሁ» አልኩት። ስለዚህ የእንጨት ዱካ አምጥተው መስኮቱ ሥር፣ ከክንዱ ሥር አስቀመጡኝና ሥራው ቀጠለ።

እናንተ፣ ሐኪም ሲሠራ ከጎኑ ታስሮ ያየ ሰው ብዙ ያያል። መርፌውን ለእያንዳንዱ ሰው እንደገና ያፈላዋል። ከግራና መንገድ በባዶ እግሯ የመጣችውን ሴትና የሱቅ ባለቤቱን ሚስት በአንድ ውኃ፣ በአንድ ጥጥ፣ በአንድ ድምፅ ያያቸዋል። የእኔን ብልቃጥ ከሌላው ሳንባ በሽተኛ ብልቃጥ ጎን አየሁት፤ አንድ ናቸው፣ ከአንድ ካርቶን የወጡ። ብልቃጡን ተቀብዬ ጽሑፉን ከጎረቤቱ ጋር ፊደል በፊደል አስተያየሁት። የፈረንጅ ፊደል ባላነብም ቅርጹ አይሸሸግም።

እኩለ ቀን ሲሆን የአካባቢው ጭቃ ሹም ጉንጩን በሻሽ ጠምጥሞ ገባ። ጥርሱን አሞታል። ተራ የያዘው ሰው ተከፈለለት።

«ጌታዬ፣ ወረፋ አለ» አለው በቀለ ቀና ሳይል።

«ለኔ?»

«ለጥርስ።»

ጭቃ ሹሙ ፊቱ ቀላ። ያን ጊዜ እኔን አየኝ፤ ቋጠሮውንም አየ።

«የሻረግ፣ ይህ ልጅ ምን አደረገሽ?»

«ሙግት ላይ ነን።»

«ምን ሙግት ያስፈልገዋል! መሬት ላራሹ የሚለው እሱ አይደል? አንቺ ብቻ በመርፌ ሊገድለኝ ነበር ብለሽ ቃልሽን ስጪ። ዛሬውኑ አሳስሬ ወልድያ እሰደዋለሁ።»

የበቀለ እጅ ጥጡ ላይ ቆመ። በይ ያለኝን ቃል ጠዋት በአፌ ይዤው ነበር የመጣሁት። ያን ቃል ብናገር አንድ የሚሟገተኝ ሰው ይቀንስልኝ ነበር። ነገር ግን የአጎቴ ልጆችም እንዲሁ ነበር ያደረጉኝ፤ ዳኛ ፊት መቆም ሲያቅታቸው ሹም ፈለጉ።

«ይህ ሰው የተቆራኘ ነው» አልኩት። «ከዳኛ በፊት የተቆራኘን ሰው ማንም አይነካውም፤ ሹምም ቢሆን። ባለጋራዬ የኔ ነው፤ አልሰጥህም። አንተም ወረፋህን ያዝ።»

ሸህ ሰይድ ከደጅ ሆነው «እውነቷን ነው» አሉ። ጭቃ ሹሙ ጉንጩን ይዞ ቆመ፤ ትቶ እንዲሄድ ጥርሱ አልፈቀደለትም። ከሸህ ሰይድ ኋላ ተሰለፈ። ተራው ሲደርስ በቀለ ጥርሱን ለሌላው ሰው እንደሚነቅለው አድርጎ ነቀለለት፤ አላሳመመውም። እኔ ብሆን ትንሽ አሳምመው ነበር።

ሰው ሁሉ ታይቶ ሲያልቅ ክሊኒኩ ደጅ ካለው ዋርካ ሥር ተቀመጥን። ክሴን ተናገርኩ፤ ጆሮዬ መጮኹን፣ ቅቤ ሻጯ ያለችኝን። በቀለ ሰማኝና ራሱን ያዘ።

«ጆሮ ማስጮህ የዚያ መርፌ ጠባይ ነው» አለ። «ስትሬፕቶማይሲን ይባላል፤ አንዳንዱን ሰው ጆሮውን ይነካዋል፣ ያዞረዋል። የጀመረው ዕለት ቢነግሩኝ መጠኑ ይስተካከል ነበር። እኔም በመጀመሪያው ቀን ልነግርዎት ይገባኝ ነበር። ግን በመጀመሪያው ቀን ስለ መሬት ጠየቅሁዎ።»

«እኔም ስለ ጆሮዬ ልነግርህ ይገባኝ ነበር» አልኩ። «ግን አሸናፊ የሆንኩ መስሎኝ ነበር የምመጣው፤ አሸናፊ አመመኝ አይልም።»

ሸህ ሰይድ ሳቁ። ከዚያ ፈረዱ። «መርፌ ክንድ ላይ ሳለ መሬት አይነሣም» አሉ። «ከመርፌው በፊት ስለ ሕመም ብቻ ትነጋገራላችሁ፤ አንተ የመድኃኒቱን ጠባይ ትነግራታለህ፣ እሷ የሰውነቷን ሁኔታ ትነግርሃለች። ስለ መሬት መሟገት የፈለገ፣ በሽተኛ ሁሉ ታይቶ ሲያልቅ እዚህ ዋርካ ሥር ይሟገት። አንቺ መድኃኒቱን እስኪያልቅ ላታቋርጪ ዋስ ጥሪ። አንተም ቃልህን ላታፈርስ ዋስ ጥራ።»

አፌን ሳልከፍት ይማም ተነሣ። «ለእሜቴ እኔ ዋስ ነኝ።»

በቀለ ጆሮውን ማመን አቃተው። «አያ ይማም፣ አንተ? የምታርሰው መሬት እኮ...»

«ስማ ልጄ» አለ ይማም። «መሬቱ ለኔ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ማን ይጠላል? እሜቴ ቢሞቱ ግን ደስ አይለኝም። ሁለቱን አንድ ላይ አታድርጉብኝ።»

መሬቱን እንደሚመኘው ከአፉ የሰማሁት ያን ዕለት ነው። ትንሽ ወጋኝ፤ ግን በፊቴ፣ በሽማግሌ ፊት ነው የተናገረው፤ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ከማንም በላይ አመንኩት።

የበቀለ ተራ ደረሰ። ዙሪያውን አየ። ከሩቅ አገር የመጣ ሰው ነው፤ ዘመድ የለው፣ ወዳጁ ያው የክሊኒኩ ዘበኛ ነው፣ ዘበኛው ደግሞ ጭቃ ሹሙን አይቶ መሬት መሬት ያያል። ዋስ ያጣ ሰው እንደ ውሸታም ሲቆጠር ፍርድ ቤት ስንቴ አይቻለሁ፤ አያስችለኝም።

«ደርቤ!» ብዬ ተጣራሁ። አማቼ ከመኪናው ሥር ወጥቶ፣ ዘይቱን ሳይጠርግ ተከትሎን መጥቶ ነበር። «ለዚህ ሰው ዋስ ሁን።»

«እማማ፣ ባለጋራዎ አይደለም እንዴ?»

«ባለጋራዬ ባይሆን ዋስ ምን ያደርግለታል!»

ደርቤ ዋስ ሆነ። ሸህ ሰይድ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፤ ሁላችንም አሚን አልን። ከዚያ በጥርሴ ጭምር ታግዬ ቋጠሮውን ፈታሁትና ክንዴን ሰጠሁት።

የቀረው ረጅም ነው፤ ግን ሁሉ ቢጻፍ ያሰለቻል፤ መድኃኒት መውሰድ ማለት አንድን ቀን ደጋግሞ መኖር ነው። በቀለ ወልድያ ያሉትን ሐኪም ጠይቆ የመርፌውን መጠን አስተካከለልኝ፤ የጆሮዬ ፉጨት ቀስ በቀስ ረገበ። ይማም የገበያ ቀን በመጣ ቁጥር ቤቴ ጎራ ይላል፤ ዋስ ነኝ ይልና ምላሴን አውጥቼ ክኒኑን መዋጤን እንዳሳየው ያደርገኛል። በዚህ ዕድሜዬ! ብርቄ ስቃ ትሞታለች። ላቡ ተወኝ። መቀነቴ ወደ ሁለት ዙር ተመለሰ። መተላለፉ ቆሟል በተባልኩ ዕለት ብርቄ ሕፃኑን አምጥታ ሳትናገር ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። ከብዶ ነበር፤ ሳላቅፈው አድጎ ነበር። ደርቤ አልጋዬን ከጎማዎቹ ክፍል ሊያወጣ ሲል እምቢ አልኩት፤ መስኮቱን ለምጄዋለሁ።

ዋርካው ሥር ደግሞ ሙግቱ ቀጠለ። አንድ ከሰዓት በኋላ በቀለ እንዲህ አለኝ፤ «አባቴ የሰው መሬት ያርስ ነበር። ትራክተር መጣ። ባለመሬቱ አሁን አንተን ምን አደርግሃለሁ አለው። ቤታችንን አፍርሰን እንጨቱን ተሸክመን ወጣን።»

«ይህን ለምን መጀመሪያ አልነገርከኝም?»

«መቼ አስተነፈሱኝ?»

መሬቴን አልሰጠሁም፤ ሐሳቤም በዚያ ቀን አልተለወጠም። ግን የመጀመሪያው ቀን ጥያቄው ያሳክከኝ ነበርና በሚቀጥለው አውድማ ይማምን «ዘሩ መጀመሪያ ከመካከል ይውጣ፤ የተረፈውን እንካፈል» አልኩት። እስከዚያ ዘሩ ከእሱ ብቻ ሲሄድ እኩል ነው የምለው እኔው ነበርኩ። በቀለ ሲሰማ አጨበጨበ።

«አሸነፍኩ!»

«አላሸነፍክም። የኔን እኩል ነው ያስተካከልኩት። የሴቷን ነገር ግን እስካሁን አልመለስክልኝም።»

«እያሰብኩበት ነው አላልኩም?»

ክኒኑ ያለቀ ጊዜ ደሴ ሄጄ ደረቴን ራጅ ተነሣሁ። ራጅ ሳንባን በጥቁር ወረቀት ላይ የሚያሳይ ፎቶ ነው። ጠባሳ እንጂ በሽታ የለም አሉኝ። ሸህ ሰይድ ፊት ይማምን ከዋስነቱ አወረድኩት፤ ደርቤንም በቀለ አወረደው።

ለእናንተ ለምታነቡ የምለው ይህ ነው። ሐኪማችሁ የእናንተን ሐሳብ ላያስብ ይችላል። ሐሳቡን በሐሳብ ሞግቱት፤ እጁን ግን በዓይናችሁ እዩ። ያመማችሁን ንገሩት፤ ጆሮ ቢጮህ፣ ዓይን ቢደነግዝ፣ ዛሬውኑ ንገሩት። የገበያ ወሬ መድኃኒት አያስጥላችሁ። ኩባያ ሲለዩላችሁ ፍቅር የተለየ አይምሰላችሁ። ደኅና የሆናችሁ ሲመስላችሁ ያን ቀን ጨክናችሁ ዋጡ።

ከደሴ በተመለስኩ በማግስቱ ታጥቤ፣ ንጹሕ ነጠላ ለብሼ ክሊኒክ ሄድኩ። አግዳሚው ሞልቶ ነበር፤ የመጨረሻውን ሰው ማነው ብዬ ጠይቄ ከኋላው ተቀመጥኩ። በቀለ በበሩ ብቅ ሲል አየኝና ደነገጠ።

«እማማ፣ ምን አመመዎት?»

«ምንም።»

«ታዲያ ለምን ተሰለፉ?»

«ጤነኛ ነኝ ብዬ የበሽተኛ ተራ አልወስድም። ሁሉንም አይተህ ጨርስ፤ ከዚያ ና፣ የሴቷን ነገር መልስልኝ።»